ብሩስ ሊ ከዘመኑ ተፋላሚዎች ጋር ሲነጻጸር

ብሩስ ሊ (የቻይና ስሙ ሊ ጁን ፋን፤ ኅዳር 18 ቀን 1933 ዓ.ም. – ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም.) በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተወልዶ በሆንግ ኮንግ ያደገ የፊልም ተዋናይ፣ የማርሻል አርት መምህር እና «ጂት ኩን ዶ» የተባለው የፍልሚያ ስልት መሥራች ነበር። በ32 ዓመቱ በአንጎል እብጠት ሕይወቱ አልፏል። ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፈውም «ዛሬ በሕይወት ቢኖርና በጉልምስናው ዘመን ቢሆን የዘመኑን ተፋላሚዎች ይችላቸው ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ በመላው ዓለም፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ማርሻል አርት በተነሳበት ቦታ ሁሉ ይነሳል። ይህ መጣጥፍ ስለዚሁ ጥያቄ ነው። ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚታወቁ ፍልሚያዎቹ

ብሩስ ሊ በሙያተኛነት የተወዳደረበት አንድም ግጥሚያ የለም። የካራቴ ሻምፒዮን ሆኖም አያውቅም። ብዙ ተመልካች ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ምክንያቱም በፊልሞቹ ላይ ተጋጣሚ ሆነው ከቀረቡት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ቸክ ኖሪስ፣ እውነተኛ የካራቴ ሻምፒዮኖች ነበሩ። ስለዚህ ንጽጽሩ የሚደገፈው በጥቂት ክስተቶችና በዓይን እማኞች ቃል ላይ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የተረጋገጠው የ1958ቱ የሆንግ ኮንግ ትምህርት ቤቶች የቦክስ ውድድር ነው። ሊ በዚያን ጊዜ የቅዱስ ፍራንሲስ ዣቪየር ኮሌጅ ተማሪ ሲሆን፣ በፍጻሜው ጋሪ ኤልምስ የተባለውን የቀድሞ ሻምፒዮን አሸንፏል። ቦክስ ከመጀመሩ በፊት ከ13 ዓመቱ ገደማ አንስቶ ከታዋቂው መምህር ኢፕ ማን ዘንድ «ዊንግ ቹን» የተባለውን የኩንግ ፉ ዓይነት ተምሮ ነበር። ያንኑ ዓመት የሆንግ ኮንግ የቻ ቻ ዳንስ ሻምፒዮንም ሆኗል። ይህ እንደ ቀልድ የሚወራ ቢሆንም ስለ እግሩ ቅልጥፍናና ሚዛን አጠባበቅ ከብዙ የፊልም ትዕይንት የተሻለ ማስረጃ ነው።

በ1959 ወደ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ በሲያትል ከአንድ ጃፓናዊ የካራቴ ሰው ጋር ተጋጥሞ በ11 ሰከንድ እንደጨረሰው በቦታው የነበሩ ተማሪዎቹ ተናግረዋል።

ብዙ ያወዛገበው ግን በ1964 መጨረሻ በኦክላንድ ከዎንግ ጃክ ማን ጋር ያደረገው ዝግ ፍልሚያ ነው። ባለቤቱ ሊንዳ ፍልሚያው 3 ደቂቃ ያህል ፈጅቶ በሊ አሸናፊነት መጠናቀቁን ስትናገር፣ ዎንግ ጃክ ማን በበኩሉ 20 ደቂቃ ያህል መቆየቱንና ያለ ግልጽ አሸናፊ ማለቁን ገልጿል። ዎንግ በሳን ፍራንሲስኮ በሚታተም የቻይናውያን ጋዜጣ ላይ በሕዝብ ፊት ድጋሚ እንዲገጥሙ ጥሪ አቅርቦ ነበር፤ ሊ ግን አልመለሰም። የትኛው ወገን እውነቱን እንደተናገረ መለየት ባይቻልም፣ ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ ሊ በዚያ ፍልሚያ በራሱ አልረካም። ትንፋሹ አጥሮት ነበር፤ ሲሸሽ የነበረን ሰው እያሳደደ ለመጨረስ የተማረው ዊንግ ቹን አልበቃውም። ከዚያ በኋላ ሩጫንና ክብደት ማንሳትን የሥልጠናው አካል አደረገ፤ ከምዕራባውያን ቦክስና ከፌንሲንግ መቀበል ጀመረ፤ በ1967ም ስልቱን «ጂት ኩን ዶ» ብሎ ሰየመው። ትርጉሙ «ምትን የመጥለፍ መንገድ» ማለት ነው።

የኪሎ ጉዳይ

በመንደር ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ኪሎ ነው። ሊ ቁመቱ 1.72 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም በአብዛኛው የጉልምስና ዘመኑ 64 ኪሎ ያህል ነበር። ማይክ ታይሰን በተለመደው የውድድር ክብደቱ አንድ ኩንታል ይጠጋል። በመካከላቸው ከ30 ኪሎ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው። በክብደት ምድብ በሚካሄድ የቦክስም ሆነ የድብልቅ ማርሻል አርት ውድድር እንዲህ ያለ ግጥሚያ አይፈቀድም። ስለዚህ «ሊ ታይሰንን ይችለዋል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ከኪሎው ላይ ያልቃል።

ሊ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። የመሐመድ አሊን የቦክስ ፊልሞች ደጋግሞ እየተመለከተ የእግር አጣጣሉን ያጠና ነበር፤ ሆኖም ከአሊ ጋር ቢጋጠም ምን እንደሚሆን ሲጠየቅ የእጁን ትንሽነት አሳይቶ እንደማይችለው መናገሩን አብረውት የሠሩ ሰዎች ያወሳሉ። ወሬው እውነት ከሆነ ሊ ከአድናቂዎቹ ይበልጥ ስለ ራሱ ልኩን ያወቀ ሰው ነበር።

ትክክለኛው ንጽጽር በራሱ ክብደት ካሉት ጋር ነው። በድብልቅ ማርሻል አርት ትልቁ ድርጅት በሆነው ዩኤፍሲ የ61.2፣ የ65.8 እና የ70.3 ኪሎ ምድቦች አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ሊ ለ65.8ቱ ምድብ የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን የዘመኑ ተፋላሚዎች የሚመዘኑት ከግጥሚያው አንድ ቀን ቀድሞ ነው። ለሚዛኑ ሲሉ የሰውነታቸውን ውኃ አራግፈው ከተመዘኑ በኋላ በማግስቱ ብዙ ኪሎ መልሰው ጨምረው ወደ መፋለሚያው ይገባሉ። በዚህ ምድብ ለዓመታት ሻምፒዮን የነበረው አውስትራሊያዊው አሌክሳንደር ቮልካኖቭስኪ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቁመቱ 1.68 ሜትር ሲሆን ከሊ ያጥራል፤ ሆኖም ወደዚህ ስፖርት ከመግባቱ በፊት ራግቢ ሲጫወት 97 ኪሎ ይመዝን ነበር። ሊ በ64 ኪሎው እንዳለ ቢገባ በምድቡ ከሁሉ የቀለለው በሆነ ነበር። በዛሬው አሠራር ወደ 61.2 ወይም ወደ 56.7 ኪሎ መውረድ ይኖርበታል። በእነዚህ ምድቦች ደግሞ እርሱ የሚታወቅበት ፍጥነት ብርቅ አይደለም። የ56.7 ኪሎ ሻምፒዮን የነበረው ዲሜትሪየስ ጆንሰን በፍጥነቱም፣ ከቡጢ ወደ ትግል በሚያደርገው ሽግግርም ዝነኛ ነው።

መሬት ላይ

ኅዳር 3 ቀን 1986 ዓ.ም. በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የመጀመሪያው የዩኤፍሲ ውድድር ተካሄደ። የክብደት ምድብ አልነበረም። ቦክሰኛ፣ የካራቴ ሰው፣ የሱሞ ታጋይ፣ ሁሉም በየስልቱ ቀረበ። አንዱ ቦክሰኛ በአንድ እጁ ብቻ ጓንት አጥልቆ ገብቶ ነበር፤ ተጋጣሚው ከጣለው በኋላ ጓንቱ ምንም አልጠቀመውም። አሸናፊው 80 ኪሎ ያህል የሚመዝነው ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ ሆነ። በአንድ ምሽት ሦስት ሰው ሲያሸንፍ ሦስቱም ግጥሚያዎች ተደምረው የፈጁበት 5 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ያደረገው ነገር ተጋጣሚውን ይዞ መሬት ላይ መጣል፣ ከዚያም እጅ ማሰጠት ነበር።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ቆሞ ብቻ የሚፋለም ሰው ምን ያህል እንደሚጋለጥ ታውቋል። ይህ ሊን በቀጥታ ይመለከተዋል፤ ያደገበት ዊንግ ቹን ሙሉ በሙሉ በቁመና የሚደረግ ስልት ነውና።

ሆኖም ሊ ስለ መሬት ትግል ፈጽሞ አያውቅም ማለት ስህተት ነው። «ዘ ግሪን ሆርኔት» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ በሚሠራበት ጊዜ ከጁዶ ሻምፒዮኑ ጂን ለቤል ጋር ተዋውቆ የትግል ስልቶችን ከእርሱ ተምሯል። ለቤል ራሱ በ1963 ማይሎ ሳቬጅ ከተባለ ቦክሰኛ ጋር ተጋጥሞ አንቆ ያሸነፈ ሰው ነው፤ ይህም በአሜሪካ ከድብልቅ ማርሻል አርት ቀዳሚ ግጥሚያዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ሊ ከሞተ በኋላ በ1975 የታተመው የማስታወሻዎቹ መጽሐፍ ስለ መጣል፣ ስለ መቆለፍና ስለ ማነቅ የሚያትት ክፍል አለው። በ1973 የወጣው «ኤንተር ዘ ድራጎን» መክፈቻ ላይም ከሳሞ ሁንግ ጋር ሲፋለም ጣቶቹን የሚያወጣ ትንሽ ጓንት አድርጎ፣ በመጨረሻም ተጋጣሚውን መሬት ላይ ቆልፎ እጅ ሲያሰጥ ይታያል። ዩኤፍሲ ሊመሠረት ገና 20 ዓመት ይቀረው ነበር። የዩኤፍሲው ሥራ አስኪያጅ ዴና ኋይት ሊን «የድብልቅ ማርሻል አርት አባት» ብሎ የጠራውም በዚህ የተነሳ ነው።

ነገር ግን አንድን ነገር ቀድሞ ማየትና በእርሱ መካን የተለያዩ ናቸው። የዛሬ ተፋላሚ ከልጅነቱ ጀምሮ በየቀኑ ከሚታገሉት ጋር ሲወድቅና ሲነሳ ያደገ ነው። በ29 ግጥሚያ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ከስፖርቱ የወጣው የዳግስታኑ ካቢብ ኑርማጎሜዶቭ የዚህ ዓይነት ሰው ነው። ሊ ከለቤል የቀሰመው ዕውቀት እንዲህ ያለ ሰው ሲይዘው የሚበቃ አይመስልም። የሊ አድናቂዎች «አያስጠጋውም» ይላሉ። ዳሩ ግን ለ15 ወይም ለ25 ደቂቃ ሙሉ፣ በታጠረ ቦታ ውስጥ፣ አንድ ጊዜም ሳይያዝ መቆየት ለማንም ከባድ ነው።

የተከለከሉ ምቶች

ሌላው የተለመደ መከራከሪያ «ሊ የተማረው ለመንገድ ጠብ ነው፤ ሕግ እጁን ያስረዋል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዓይንን በጣት መውጋትና ብልትን መምታት በጂት ኩን ዶ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው፤ በዛሬው ውድድር ሁለቱም ክልክል ናቸው። ነገር ግን ሕግ ሲነሳ ለሁለቱም ወገን ነው የሚነሳው። የሚነክስ፣ ዓይን የሚወጋ፣ በጉልበቱ ደረት ላይ የተቀመጠ ታጋይ ከሥሩ ካለው ሰው ይልቅ እነዚህን ለማድረግ ይመቸዋል። የመጀመሪያዎቹ የዩኤፍሲ ውድድሮች ከዛሬው እጅግ የላላ ሕግ ነበራቸው፤ ያሸነፈው ግን ያው ታጋዩ ነው።

በቻይናም ተመሳሳይ ፈተና ታይቷል። በ2017 በቼንግዱ ከተማ ሹ ሺያውዶንግ የተባለ የድብልቅ ማርሻል አርት አሠልጣኝ አንድን የታይ ቺ መምህር ገጥሞ በ10 ሰከንድ ገደማ ጣለው። ቪዲዮው በመላው አገሪቱ ታይቶ ብዙ ቁጣ አስነስቷል። ሊ በዚህ ክርክር የሚቆመው በየትኛው ወገን ነው ቢባል፣ ከመምህሩ ይልቅ ከአሠልጣኙ ጋር መቆሙ አይቀርም ነበር። እርሱም በዘመኑ ሳይጋጠሙ የሚያስተምሩትን ሰዎች መሬት ላይ ዋና ከሚያስተምር ሰው ጋር ያመሳስላቸው ነበር።

ለእርሱ የሚመሰክሩ ነገሮች

የሊን ብቃት ከሚመሰክሩት መካከል ክብደት ያለው የተማሪዎቹ ማንነት ነው። ቸክ ኖሪስ፣ ማይክ ስቶን እና ጆ ሉዊስ የካራቴ ሻምፒዮኖች ሆነው ሳሉ ከእርሱ ጋር ይለማመዱ ነበር። ጆ ሉዊስ በ1970 በአሜሪካ የመጀመሪያ ተብሎ በሚጠቀሰው የኪክ ቦክሲንግ ግጥሚያ ተጋጣሚውን በዝረራ ያሸነፈ ከባድ ሚዛን ተፋላሚ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ምንም ከማይጨምርላቸው ሰው ዘንድ ጊዜያቸውን አያባክኑም።

በ1964 በሎንግ ቢች ዓለም አቀፍ የካራቴ ውድድር ላይ ያሳየው «የአንድ ኢንች ቡጢ» እና በሁለት ጣት የሠራው ፑሽ አፕ ግን ትርኢት ናቸው። ቆሞ የሚጠብቅን ሰው ገፍቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ የጉልበት አሰባሰብን ያሳያል እንጂ የሚንቀሳቀስ ተጋጣሚን ማግኘትን አያሳይም። ለዛሬው መፋለሚያ ይበልጥ የሚጠቅመው ብዙም የማይወራለት ሌላ ምቱ ነው፤ የፊት እግሩን ወደ ተጋጣሚው ጉልበት ሰንዝሮ አመጣጡን የሚያቋርጥበት ርግጫ። ዛሬ ጆን ጆንስ በዚህ ዓይነት ርግጫ የታወቀ ሲሆን፣ ለጉልበት አደገኛ ነው በሚል ይታገድ የሚሉም አሉ።

በ1970 ክብደት ሲያነሳ ወገቡ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበት፣ ሐኪሞች ዳግም እንደማይራገጥ ነግረውት ለወራት አልጋ ላይ ውሏል። ዓለም የሚያውቃቸው ዋና ዋና ፊልሞቹ በሙሉ የተሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ጽናቱን ያሳያል። በሌላ በኩል ግን እንዲህ ያለ ወገብ የያዘ ሰው የዛሬውን የትግል ሥልጠና ይችለው ነበር ወይ የሚል ጥያቄም ያስነሳል።

በጥቅሉ ሲታይ፣ የ1973ቱ ሊ እንዳለ ተነሥቶ በራሱ ክብደት ካለ የዛሬ ሻምፒዮን ጋር ቢጋጠም መሸነፉ ይበልጥ ያመዝናል፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው ዙር ሳያልፍ መሬት ላይ። ዛሬ ተወልዶ በዛሬው ሥልጠና ቢያድግ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ፈትኖ የሚጠቅመውን የሚወስድ ሰው ስለነበር ተስፋው ሰፊ ነው።

አበበ ቢቂላ እና የዘመን ልዩነት

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ነገሩን ቅርብ የሚያደርገው የሩጫ ምሳሌ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለቱም በወቅቱ የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበሩ። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በርሊን ላይ የገባበት 2:01:41 ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት በ10 ደቂቃ ይበልጣል። በ2023 ደግሞ ትዕግስት አሰፋ በዚያው በርሊን 2:11:53 ሮጣ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ የአበበንም የቶኪዮ ሰዓት ቀድማዋለች። በዚህ ምክንያት አበበን ያሳነሰ ሰው የለም። ጫማው፣ ምግቡ፣ ሥልጠናው፣ አብሮ የሚሮጠው አሯሯጭ ሁሉ ተለውጧል።

ልዩነቱ ሩጫ ሰዓት ያለው መሆኑ ነው። የአበበን ሰዓት ከትዕግስት ሰዓት አጠገብ አስቀምጦ ማየት ይቻላል። ለፍልሚያ እንዲህ ያለ መለኪያ የለም፤ የብሩስ ሊ ክርክር የማያልቀውም በዚህ ነው።

በአዲስ አበባና በአቃቂ ቃሊቲ

የብሩስ ሊ ዝና በኢትዮጵያ የተስፋፋው በሲኒማ ቤቶች ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ በላይ በቪዲዮ ቤቶች ነው። በቪኤችኤስ ካሴት ዘመን በአዲስ አበባ ሰፈሮች አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻና ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ያሉት ጨለማ ክፍል ለብዙ ልጆች ሲኒማ ነበር። መግቢያው በሳንቲም ይከፈል ነበር። ከማዕከሉ ሲኒማ ቤቶች ርቀው በሚገኙ እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባሉ የደቡብ ዳርቻ ሰፈሮች ይህ በተለይ እውነት ነው። አቃቂ ቃሊቲ የጨርቃ ጨርቅና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች፣ የመጋዘኖችና የከባድ መኪና መንገዶች ክፍለ ከተማ ነው። የሠራተኛ ልጅ ከፊልሙ ሲወጣ መጥረጊያ እንጨት ቆርጦ፣ በገመድ አያይዞ ናንቻኩ ይሠራ ነበር፤ ብዙው የመታው የራሱን ጭንቅላት ነው። «ብሩስ ሊ ይበልጣል ወይስ ጃኪ ቻን?» የሚለው ጠብ የዚያ ዘመን ነው። ጃኪ ቻን ግን በ«ኤንተር ዘ ድራጎን» ውስጥ በሊ ከሚመቱት ስም የለሽ ሰዎች አንዱ ሆኖ መሥራቱን ያወቁት ጥቂቶች ነበሩ። የቪዲዮ ቤቶቹን ቦታ በኋላ የአውሮፓ እግር ኳስ የሚታይባቸው የዲኤስቲቪ ቤቶች ወሰዱት፤ ክርክሩም ወደ ስልክ ተዛውሮ ካቢብንና ኮነር ማክግሪገርን ጨመረ።

በኢትዮጵያ ከእስያ የፍልሚያ ስፖርቶች ብዙ ወጣት የሚያሠለጥነው ቴኳንዶ ነው። ሥልጠናው ብዙ ጊዜ በወጣት ማዕከላት፣ በትምህርት ቤት ግቢዎችና በሜዳ ላይ፣ ጠዋት ወይም ከሥራ በኋላ ይሰጣል። ሰለሞን ደምሴ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ምድብ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ለእነዚህ ወጣቶች የሊ ጥያቄ ተራ የወሬ ጉዳይ አይደለም። በፊልም ያየውን ከፍ ያለ የዝላይ ርግጫ አምኖ የመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው መቆምን ነው፤ ከዚያ መውደቅን፤ ከዚያ በሚዛን ላይ ቆሞ የራሱን ምድብ ማወቅን። የአገሩ የባህል ትግልም፣ በገና ወይም በጥምቀት ሜዳ ላይ ጎረምሶች ወገብ ለወገብ ተያይዘው የሚጣጣሉበት፣ ሊ ዘግይቶ ከለቤል የተማረውን ነገር ይዟል፦ የያዘህን ሰው ሳትወድቅ መቆም።

ብሩስ ሊ የተቀበረው በሲያትል ሌክ ቪው መቃብር ነው። በ1993 የሞተው ልጁ ብራንደን ሊም ከአጠገቡ አርፏል።